የመንታ ቃላት ዳኛ፦ ሄንሪ ዋትሰን ፎውለር

መቼም ጋዜጠኝነት እየተማረ በእንግሊዝኛ መንታ ቃላት ያልተፈተነ ሰው ያለ አይመስለኝም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ዜናው ተለቅሞ፣ መግቢያው አምሮ፣ ምንጮቹ ተሟልተው ካበቁ በኋላ አንዲት «አል» የምትል ጭራ ነገሩን ሁሉ ታበላሸዋለች። «ኢኮኖሚክ» ማለት ምጣኔ ሀብትን የሚመለከት ነው። «ኢኮኖሚካል» ግን ቆጣቢ ማለት ነው። የአንድን መንግሥት የኢኮኖሚ ፖሊሲ «ኢኮኖሚካል» ብሎ የጻፈ ሪፖርተር ሳያስበው ፖሊሲውን አሞግሶታል። እንዲህ ያለው ነገር በኮሪደር ሲያጨቃጭቀን ይውላል፤ አንዱ መምህሩን ምስክር ይጠራል፣ ሌላው መዝገበ ቃላት ይገልጣል። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግኩት ይህንኑ ጭቅጭቅ ሙያው አድርጎ ዕድሜውን የጨረሰበትን ሰው ነው።

ሄንሪ ዋትሰን ፎውለር ይባላል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ስሙ ከሰው ስምነት አልፎ የመጽሐፍ ስም ሆኗል። በየጋዜጣ ቤቱ አዘጋጆች ስለ ቃል ሲከራከሩ ፎውለርን እንይ ካሉ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን መጽሐፍ ማለታቸው ነው። እኔም ከሰውየው በፊት ያወቅኩት መጽሐፉን ነው። ጀርባው የተላጠ አሮጌ ቅጂ አግኝቼ አንድ ቃል ልፈልግ ገለጥኩና ሌላ ሃያ ቃል ሳነብ ዋልኩ። መዝገበ ቃላት ሰውን ሊያስቅ እንደሚችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። በኋላ ሕይወቱን ሳገላብጥ ግን ነገሩ ከሳቅ በላይ ሆነብኝ። ይህ ሰው ያላመነበትን ላለመናገር ሲል እንጀራውን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ቃልን ከቃል የመለየት ግትርነቱም ከዚያው ቦታ የመነጨ ይመስለኛል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፎውለር የተወለደው መጋቢት 10 ቀን 1858 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኬንት በሚባለው አውራጃ ቶንብሪጅ ከተማ ነው። አባቱ ቄስም መምህርም ነበሩ። ልጆቹ ስምንት ናቸው፣ ሄንሪ የበኩር ልጅ ነው። አባትየው በ1879 ሲሞቱ ገና ተማሪ የነበረው ሄንሪ የታናናሾቹ አለኝታ ለመሆን ተገደደ። የበኩር ልጅነት ጣጣው እዚያም እንደኛው አገር ነው መሰለኝ።

በራግቢ ትምህርት ቤት ላቲንና ግሪክ ተምሮ በ1877 ኦክስፎርድ፣ ቤሊዮል ኮሌጅ ገባ። ታዲያ ይህ በኋላ የእንግሊዝኛ ዳኛ የሆነ ሰው ከኮሌጁ ሲወጣ ውጤቱ ሁለተኛ ማዕረግ ነበር። ዲግሪውንም ወዲያው አልያዘም፤ የሃይማኖት ትምህርት ፈተናውን ባለማለፉ በ1881 ያለ ዲግሪ ወጥቶ፣ የተሰጠው በ1886 ነው። ጂፒኤ ሕይወትን ይወስናል ለምትሉ ጓደኞቼ ይህቺን እዚህ ላይ አስቀምጫታለሁ።

ጥቂት ጊዜ ኤድንበራ ውስጥ በፌቲስ ኮሌጅ ካስተማረ በኋላ በ1882 በሰሜን እንግሊዝ ኮረብቶች መሀል ወዳለችው ሴድበር ወደምትባል ከተማ ሄዶ እዚያ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። ላቲን፣ ግሪክና እንግሊዝኛ እያስተማረ 17 ዓመት ቆየ። ዓይን አፋር፣ ቁጥብ፣ ስፖርት ወዳድ ነበር። በዚያው አርጅቶ ጡረታ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በኃላፊነት ጉዳይ ከርእሰ መምህሩ ጋር አልተግባቡም። በትምህርት ቤቱ አዳሪ ልጆች በየቤቱ ተከፋፍለው ይኖራሉ፣ ለየቤቱም አንድ መምህር አለቃ ይሾማል። የቤት አለቃ የሚሆን መምህር ደግሞ ልጆቹን ለማጽናት ሥርዓት ማዘጋጀት አለበት። ይህ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ከፍ ሲሉ የጥምቀት እምነታቸውን በራሳቸው አንደበት የሚያጸኑበት ሥርዓት ነው። ፎውለር የቄስ ልጅ ይሁን እንጂ እምነቱ ከልቡ ወጥቶ ነበር። እኔ የማላምንበትን ነገር ለልጆች እመኑ ብዬ አላስተምርም አለ። ርእሰ መምህሩም ከአቋማቸው አልተነቃነቁም። በ1899፣ በ41 ዓመቱ፣ ሥራውን ለቀቀ።

ሰው በሃይማኖቱ ቢስማማም ባይስማማም (እኔ በበኩሌ አልስማማም) ይቺን ውሳኔ ማክበር ያለበት ይመስለኛል። ዝም ብሎ ቢያስተምር ማን ያውቅበት ነበር? ደመወዙ ይጨምራል፣ ሹመቱም ይመጣል። እሱ ግን አፉ የሚናገረውና ልቡ የሚያስበው አንድ ካልሆኑ ዝምታን የሚመርጥ ሰው ነበር።

ከዚያ ለንደን ገባና በጽሑፍ ለመኖር ሞከረ። ከውርስ የሚያገኛት በዓመት 120 ፓውንድ ያህል ነበረች፤ በሷ ላይ ለመጽሔቶች እየጻፈ የሚያገኛትን ትንሽ ገንዘብ ጨምሮ በቁጠባ ኖረ። በብዕር ስም መጻሕፍት አሳተመ፣ ብዙ ሰው ግን አላነበበለትም። እንደ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ብንመዝነው ያልተሳካለት ነው ማለት ይቻላል።

ሕይወቱ የተቀየረው በ1903 ገርንዚ ወደምትባለው የእንግሊዝ ቻናል ደሴት ሲሻገር ነው። እዚያ ከሱ 12 ዓመት ገደማ የሚያንሰው ወንድሙ ፍራንሲስ ቲማቲም እያመረተ ይኖር ነበር። ወንድማማቾቹ ተቀራርበው በተሠሩ ሁለት ጎጆዎች ሆነው አብረው መሥራት ጀመሩ። ሄንሪ በየማለዳው፣ ክረምት ከበጋ፣ ባሕር ውስጥ ይዋኝ ነበር። ከዋናው በኋላ ወደ ጠረጴዛ። መጀመሪያ የግሪኩን ጸሐፊ ሉሲያንን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ1905 በአራት ቅጽ አሳተሙ። በዓመቱ ደግሞ «ዘ ኪንግስ ኢንግሊሽ» የተባለው መጽሐፋቸው ወጣ፣ በአማርኛ «የንጉሡ እንግሊዝኛ» ብንለው ያስኬዳል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ለኛ ዲፓርትመንት ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ መጽሐፍ የተሠራው በአብዛኛው ከጋዜጣ ነው! ሁለቱ ወንድማማቾች ደሴታቸው ላይ ተቀምጠው «ዘ ታይምስ»ን የመሳሰሉ ስመ ጥር ጋዜጦችን እያነበቡ፣ የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ሲያገኙ ይቀዳሉ፣ ምንጩን ይጽፋሉ፣ በየዓይነቱ ይመድባሉ። የታወቁ ደራሲዎችንም አልማሯቸውም። እነዚያ የተለቀሙ ስሕተቶች በመጽሐፉ ውስጥ በረድፍ ተደርድረው በሽታቸው እየተጠቀሰ ይታያሉ። የለመደውን ቃል ትቶ እንግዳ ቃል የሚያድን፣ በአጭሩ መናገር ሲችል በረጅሙ የሚዞር፣ የሚጨበጠውን ትቶ የማይጨበጠውን የሚመርጥ ጸሐፊ ሁሉ እዚያ ራሱን ያገኛል። በድምፅ የሚቀራረቡ ቃላትን አንዱን በሌላው ቦታ ለሚያስገቡትም የራሳቸው ክፍል ተሰጥቷቸዋል። መጽሐፉ ተወደደ። የኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ሰዎችም እነዚህን ወንድማማቾች መልቀቅ እንደሌለባቸው ገባቸው።

ቀጣዩ ሥራ ትልቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ጨምቆ በአንድ ቅጽ ማውጣት ነበር። ችግሩ ትልቁ መዝገበ ቃላት ራሱ ገና አላለቀም፤ የተጠናቀቀው በ1928 ነው። ስለዚህ ወደ ፊደሉ መጨረሻ ያሉትን ቃላት ወንድማማቾቹ የሚያሳጥሩት መጽሐፍ ሳይኖራቸው በራሳቸው ጥረት ሠሯቸው። «ኮንሳይስ ኦክስፎርድ ዲክሽነሪ» በ1911 ወጣ። ዛሬ ብዙዎቻችን በየቤታችን ያሉን የኦክስፎርድ ትንንሽ መዝገበ ቃላት ዘር ማንዘራቸው ከዚያ ከቲማቲሙ ደሴት ይመዘዛል።

በመካከሉ አገባ። መጋቢት 10 ቀን 1908፣ ልክ 50 ዓመት በሞላው ቀን፣ ጄሲ ዊልስ የተባለች የሕክምና ነርስ። ልጅ አልወለዱም፣ ትዳራቸው ግን የሰመረ ነበር።

በ1911 ፎውለር ለማተሚያ ቤቱ አዲስ ሐሳብ አቀረበ፤ የቃላትን ትርጉም ብቻ ሳይሆን አጠቃቀማቸውን የሚዳኝ መዝገበ ቃላት። ለማን እንደሚጽፈውም ተናግሯል። ዓይኑ ያረፈው ቋንቋውን በሚማር የውጭ ሰው ላይ ሳይሆን፣ መጻፍ በሚወድና እንዲህ ብል ያስነውረኝ ይሆን እያለ በሚጨነቅ ግማሽ የተማረ እንግሊዛዊ ላይ ነበር። ይህን ሳነብ ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም። መጽሐፉ ለኛ አልተጻፈም ማለት ነዋ! ነገር ግን ቆየት ብዬ ሳስበው በዚህ ተጠቅመናል። ለውጭ ሰው የሚጻፍ መጽሐፍ ደንብ ይሰጥና ያልፋል። ፎውለር ግን ቋንቋውን ጡት ጠብተው ያደጉት ሰዎች ራሳቸው የት የት እንደሚወድቁ ያሳየናል። ከሎንዶን ጋዜጠኛ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ መውደቅ ብዙም አያሳፍርም።

ከዚያ 1914 መጣና ጦርነቱ ተጀመረ። ፎውለር ወጣቶች እንዲዘምቱ በደሴቲቱ እየዞረ ሲቀሰቅስ ቆየ። ነገር ግን እኔ የማልሄድበትን ሌላውን ሂድ ማለት ምን ይባላል የሚል ጥያቄ አላስተኛው አለ። ስለዚህ በ1915፣ በ57 ዓመቱ፣ ዕድሜዬ 44 ነው ብሎ ወታደር ሆኖ ተመዘገበ። ፍራንሲስም አብሮት ገባ። እንግዲህ ለአንዲት ያላመነበት ቃል ሲል ሥራ የለቀቀ ሰው 13 ዓመት ቀንሶ ዋሸ! ይህን እንዴት እንደማስታርቀው ብዙ አስቤበታለሁ። ምናልባት በሌላው አፍ ላይ የጫነውን ቃል በገዛ ሰውነቱ ለመክፈል ዕድሜውን መደበቅ ግድ ሆኖበት ይሆናል። እናንተ እንዴት እንደምታዩት አላውቅም።

ፈረንሳይ ሲደርሱ የጠበቃቸው ሌላ ነው። ሽማግሌነታቸው ስለታወቀ ከውጊያው ግንባር ወደ ኋላ ተደርገው ሳሕን አጣቢና ድንጋይ ከሰል ተሸካሚ ሆኑ። ወይ አዋጉን ወይ ወደ ቤታችን መልሱን ብለው አቤቱታ እስከ መጻፍ ደረሱ። በ1916 ሄንሪ ተመለሰ። ፍራንሲስም ተመለሰ፣ ግን በዘመቻው ላይ የሳምባ ነቀርሳ ይዞት ነበርና በ1918 ሞተ። ዕድሜው 47 ነበር።

ሁለቱ አብረው ያቀዱት መጽሐፍ በአንዱ እጅ ቀረ። ሄንሪ እንደገና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ፤ መጀመሪያ «ፖኬት ኦክስፎርድ ዲክሽነሪ» የተባለውን አስቀደመ፣ እሱ በ1924 ወጣ። በ1925 ከባለቤቱ ጋር ደሴቱን ለቅቀው ሶመርሴት ውስጥ ሂንተን ሴንት ጆርጅ በምትባል መንደር ሰፈሩ። በ1926፣ ፎውለር 68 ዓመት ሆኖት ሳለ፣ «ኤ ዲክሽነሪ ኦቭ ሞደርን ኢንግሊሽ ዩሴጅ» ታተመ። መታሰቢያነቱ ለፍራንሲስ ነው። በዚያ የመታሰቢያ ገጽ ላይ ፎውለር ወንድሙ ከሱ ይልቅ ፈጣን አእምሮና ሰፊ ልብ እንደነበረው ጽፏል፤ እሱ ቢኖር መጽሐፉ ከዚህ የተሻለ ይሆን ነበር ባይ ነው።

አሁን ወደ መንታዎቹ እንግባ። የፎውለር እምነት ቀላል ነው። ቋንቋ ሁለት ተቀራራቢ ቃላት ሲኖሩት ሥራ እያከፋፈለ ይሄዳል፣ ለአንዱ ይህን ለሌላው ያንን ይሰጣል። ይህ ሲሆን ቋንቋው ይበለጽጋል። ሁለቱን የሚያደባልቅ ጸሐፊ ቋንቋው በብዙ ዘመን ያጠራቀመውን ሀብት እየበተነ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ የመንታዎችን ወጥመድ የሚመለከት ክፍል አበጅቶላቸዋል፣ በየፊደሉም እየነጠለ ይዳኛቸዋል።

«ኮንቲኒዩየስ»ና «ኮንቲንዩዋል»ን ውሰዱ። የመጀመሪያው አንዴ እንኳ ሳይቋረጥ የሚሄድ ነው። ሁለተኛው ዘወትር የሚመላለስ፣ ቆም እያለ የሚቀጥል ነው። ለኛ ይህን ለማስረዳት ክረምት ይበቃል። ሐምሌ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሚያድረው ዝናብ የመጀመሪያው ነው። ያ ደግሞ ልክ ከካፌ ልንወጣ ስንል የሚጀምረው፣ ስንቀመጥ የሚያባራው፣ እንደገና ስንነሳ የሚመጣው ሁለተኛው ነው። «ሂስቶሪክ»ና «ሂስቶሪካል»ም እንዲሁ ናቸው። በታሪክ ውስጥ የሆነ ነገር ሁሉ «ሂስቶሪካል» ነው፤ ታሪክን ያናወጠ ግን «ሂስቶሪክ» ይባላል። የዓድዋ ድል «ሂስቶሪክ» ነው። ከዓድዋ በፊት የነበረው ማንኛውም ተራ ቀን «ሂስቶሪካል» ቢባል እንጂ «ሂስቶሪክ» አይባልም። የፕሬስ መግለጫ ላይ ተራው ስብሰባ ሁሉ ታሪካዊ እየተባለ ስናይ በአማርኛም ይኸው በሽታ እንዳለን ግልጽ ነው፤ የኛ «ታሪካዊ» ሁለቱንም ሥራ ብቻውን ተሸክሟልና።

«አፌክት»ና «ኢፌክት» ከሁሉ የከፉ ናቸው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ግሥ ነው ሁለተኛው ስም ነው ተብሎ ይነገረንና እናርፋለን። ነገር ግን «ኢፌክት» ግሥ ሆኖም ይመጣል፤ ያን ጊዜ አንድን ነገር ከግብ ማድረስ፣ እውን ማድረግ ማለት ነው። ለውጥን «አፌክት» ያደረገ ሰው ለውጡ ላይ ተጽዕኖ አሳደረ፣ ምናልባትም አደናቀፈው። ለውጥን «ኢፌክት» ያደረገ ግን ለውጡን አመጣው። አንድ ፊደል ተቃዋሚውን ከመሪው ያቀያይራል።

ለጋዜጠኛ ግን የምታስፈራው «ኢንፈር»ና «ኢምፕላይ» ናት። ተናጋሪው በግልጽ ሳይል ውስጥ ለውስጥ ያስተላለፈው እንደሆነ «ኢምፕላይ» አደረገ ይባላል። አድማጩ ከተባለው ተነስቶ የደረሰበት መደምደሚያ ሲሆን «ኢንፈር» ነው። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም። ወርቁን የቀበረው ባለቅኔው ነው፤ የሚቆፍረው ሰሚው። ሁለቱን ማደባለቅ ማለት ባለሥልጣኑ ያላለውን ብሏል ብሎ መጻፍ፣ ወይም ያለውን ጋዜጠኛው ከኪሱ እንዳወጣው ማስመሰል ነው። ይህ የሰዋስው ስሕተት መሆኑ ቀርቶ በሰው አፍ ቃል ማስገባት ይሆናል። ፎውለር የመጀመሪያው በሁለተኛው ቦታ መግባቱ በዘመኑ እጅግ ተስፋፍቶ እንደነበር ጽፎ አዝኗል። የሴድበሩ መምህር እዚህ ላይ ብቅ ሲል ይታየኛል፤ የማን ቃል የማን እንደሆነ መለየት አለበት የሚለው ያው ሰው ነው።

በነገራችን ላይ እነዚህን ቃላት በግእዝ ፊደል ስንጽፍ አስቂኝ ነገር ይገጥመናል። «ፕሪንሲፕል» ብዬ ስጽፍ መርሕ ማለቴ ይሁን ዋና ማለቴ ማንም አያውቅም፤ በእንግሊዝኛ ፊደላቸው ይለያያል፣ በኛ ጭራሽ አንድ ይሆናሉ። ደግሞ «ዋና» ራሱ! አለቃው ዋናና የባሕሩ ዋና በጽሑፍ አንድ ናቸው፣ የሚለያቸው መጥበቅና መላላት ነው፤ እሱን ደግሞ ፊደላችን አያሳይም። በሌላ በኩል ፀሐይ ሠረቀች ሲባል በንጉሡ ሠ፣ ሌባ ሰረቀ ሲባል በእሳቱ ሰ ነው እያሉ የሚቆጡ መምህራን አሉን። ፎውለር አማርኛ ቢያውቅ ከነሱ ጋር በመቆም ፀሐይን ከስርቆት ክስ ነጻ የሚያወጣ ይመስለኛል።

ይህን ስል ግን ሰውየውን እንደ ደረቅ ሕግ አስከባሪ እንዳታዩት። እንዲያውም የሞቱ ሕጎችን ሲያይ ይናደድ ነበር። ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አይጨረስም የሚለውን የትምህርት ቤት ደንብ መናፍስትን ከመፍራት ለይቶ አላየውም። «ቱ»ን ከግሧ መለየት ኃጢአት ነው የሚሉትንም፣ ኃጢአቱን ሸሽተው ከዚያ የባሰ አስቀያሚ ዓረፍተ ነገር የሚወልዱትንም እየተሳለቀ ገላምጧቸዋል። መለኪያው አንባቢ ነው፤ አንባቢው ይደናገራል ወይስ አይደናገርም?

ሁልጊዜ ትክክል ነበር ማለት ግን አይቻልም። «ማስተርፉል» ገዢ፣ በጉልበት የሚያዝ፣ «ማስተርሊ» ደግሞ የእጅ ጥበብ የተዋጣለት ማለት ነው፤ አትደባልቁ ብሎ ተሟግቷል። ይሁን እንጂ ከሱ በፊትም ሆነ በኋላ ጥሩ ጥሩ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን ለሁለቱም ሲጠቀሙበት ኖረዋል፣ ዛሬም ይጠቀሙበታል። አንዳንዱ ድንበር በቋንቋው ውስጥ የነበረ ሳይሆን እሱ ቢኖር ብሎ የተመኘው ነው። ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን በዚሁ ጉዳይ ተነስቶበታል፤ የቋንቋ ተመራማሪ ሰዎች የሚናገሩትን ይመዝግብ እንጂ ለምን ይሰብካል ነው ክርክሩ። ፎውለር መልስ ሰጥቷል፣ ሰባኪ መባሉን ግን እንደ ስድብ አልቆጠረውም። እኔ እንደ ሳይንስ ከሄድን የስፐርሰን አሸንፏል እላለሁ። ነገ ጠዋት ዜና ማስረከብ ካለብኝ ግን የምገልጠው ፎውለርን ነው።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ማተሚያ ቤቱ ሌላ ትልቅ መዝገበ ቃላት እንዲሠራለት ፈልጎ፣ ሰውየው አርጅቷልና የቤት ሠራተኛ ደመወዝ እንክፈልልህ አለው። ፎውለር ያን ቀን ጠዋት ሁለት ማይል ሮጦ የጎረቤቱ ኩሬ ውስጥ እንደዋኘ ጽፎ መለሰላቸው። እንዲህ ጤነኛ የሆነው ለ30 ዓመት ያህል ሠራተኛ ስላልነበረው መሆኑን፣ ሠራተኛ ቢቀጠርለት መዝገበ ቃላቱ ይፈጥን እንደሆነ እንጂ እሱ ቶሎ እንደሚሞት አስረድቶ በቀስታዬ ልሂድበት አለ።

ጄሲ በ1930 በካንሰር ሞተች። በዓመቱ ለሷ የጻፋቸውን ግጥሞች በመጽሐፍ አሳተመ። እሱም በታኅሣሥ 26 ቀን 1933፣ በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ እዚያው ሂንተን ሴንት ጆርጅ ቤቱ ውስጥ አረፈ። 75 ዓመቱ ነበር።

መጽሐፉ ግን ሥራውን ቀጠለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርማንዲ ወረራ እየታቀደ ሳለ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል አንድ የጦር መረጃ ሰነድ ይቀርባል። ቸርችል ሰነዱን አንብበው «ኢንቴንሲቭ» የምትል ቃል ላይ ይቆማሉ። የሙቀት፣ የሕመም፣ የስሜት ኃይለኛነት «ኢንቴንስ» ነው፤ «ኢንቴንሲቭ» ግን ሆን ተብሎ በአንድ ቦታ ላይ የተጠናከረ ጥረት ነው፣ እንደ ክረምቱ የኢንቴንሲቭ ኮርስ። የአፋርን ሙቀት «ኢንቴንሲቭ» ያለ ሰው ሙቀቱን አንድ ሰው አቅዶ ያመጣው አስመስሏል። እናም ቸርችል የአውሮፓ ዕጣ በእጃቸው ላይ ሆኖ ሳለ ለጦር መረጃ ኃላፊው ቃሉ ስሕተት መሆኑን ገልጸው፣ ስለ ሁለቱ ቃላት ፎውለርን ሄዶ እንዲያነብ አዘዙት። ጄኔራሉ ምን እንደተሰማው ሳስብ ሳቄ ይመጣል፤ ቀይ እስክሪብቶ ማዕረግ አይመርጥም ማለት ነው።

መጽሐፉ በ1965 በሰር ኧርነስት ጋወርስ ተሻሽሎ ወጣ። በ1996 ሮበርት በርችፊልድ አብዛኛውን እንደ አዲስ ጻፈው። እሱ ከመፍረድ ይልቅ ሰዎች እንዴት እንደሚጽፉ መመዝገብን የመረጠ ምሁር ስለነበር ሥራው በማስረጃ የበለጸገ ሆነ፣ ብዙ አንባቢዎች ግን የድሮው ሰውዬ ቁጣና ቀልድ የት ሄደ ብለው አኮረፉ። አራተኛው እትም በ2015 ታትሟል። ከሱ ቀደም ብሎ በ2009 ኦክስፎርድ የ1926ቱን እትም እንደነበረ መልሶ አሳትሞታል፤ መግቢያውን የጻፈለት የቋንቋ ሊቁ ዴቪድ ክሪስታል ነው። ሁለቱን የማየት ዕድል የገጠማችሁ የ1926ቱን አስቀድሙ፣ ስትገልጡም ከፊት ጀምሩ። ፍራንሲስ እዚያ አለ።